ድሬዳዋ ላይ ፊልም ማጠብ፦ ጠጣር ውሃ የቱ ላይ ይጎዳል፣ የቱ ላይ አይጎዳም

ፊልሙ ደርቋል። ከገመዱ አውርዳችሁ ወደ መስኮቱ ስታስጠጉት ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ዘንበል ስታደርጉት ግን በሚያንጸባርቀው ጀርባው ላይ ክብ ክብ ነጭ ምልክቶች ብቅ ይላሉ፤ ጠርዛቸው ወፈር፣ መሃላቸው ሳሳ ያለ። አጠገቡ ያለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክፈቱና ውስጡን እዩት። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊትና ፊልሙ ላይ ያለው ቀለበት አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ከቧንቧው ውሃ የወጣ ኖራ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በቤቱ ፊልም የሚያጥብ ሰው ይህን ሲያይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስህተት ከሚሆኑ መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዱ ውሃውን ለሁሉም ችግር ተጠያቂ አድርጎ ሥራውን በሙሉ በታሸገ ውሃ ለመሥራት ይሞክራል፤ ገንዘቡ አይበቃውም። ሌላው ደግሞ ጉዳዩን ንቆ ይተወዋል፤ ኔጋቲቩ (ታጥቦ ምስል የወጣበት ፊልም) ይበላሽበታል። ነገሩ ሲመረመር ጠጣር ውሃ በእርግጥ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሲበጠበጥና ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲለቀለቅ። እነዚህን ሁለቱን በጥሩ ውሃ ከሠራችሁ ለአንድ ጥቅል ፊልም ከአንድ ሊትር በላይ አያስፈልጋችሁም። ሌላው ሁሉ በቧንቧ ውሃ ይሠራል፤ እንዲያውም አንዱ ደረጃ በቧንቧ ውሃ ይሻላል።

አስቀድሞ አንድ የቃል ነገር። በአማርኛ ፊልም "ማጠብ" ስንል ዴቨሎፐሩንም፣ ምስሉን የሚያጸናውን ፊክሰሩንም፣ በውሃ ማጽዳቱንም አንድ ላይ ነው። እዚህ እንዳይምታታ አጠቃላዩን ሥራ ማጠብ፣ ኬሚካሉን በውሃ ማስወገዱን ደግሞ ማለቅለቅ እንለዋለን።

ውሃው ለምን እንዲህ ሆነ? ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች የሚወጣውን ጨምሮ። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ይሰርግና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። ትንሽ አሲድነት ስላለው ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት የሚባል ጨው ይዞ ይወጣል፤ ማግኒዥየምም አብሮ አለ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ለዚሁ ድንጋይ ሲባል ነው፤ ለሲሚንቶ የጠቀመው ድንጋይ ለፊልም አስቸጋሪ ሆነ። የሐረር ውሃም ከፊሉ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ተስቦ ዳገቱን የሚወጣ ስለሆነ ሐረር ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም።

ሐረር ላይ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 ከሐረር ለቤተሰቡ ራሱን ያነሳቸውን ፎቶዎች ሲልክ ምስሎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ጽፎላቸዋል። በሐረር ፎቶ ማጠብ ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱም በውሃው አማሯል።

የውሃ ጥንካሬ የሚለካው በሊትር ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይሰላል። እስከ 60 ልስልስ፣ ከ120 እስከ 180 ጠጣር፣ ከ180 በላይ በጣም ጠጣር ይባላል። ለሒሳብ እንዲመቸን ከዚህ በኋላ 300 እንውሰድ። የእናንተን ለማወቅ የዓሣ ገንዳ ሰዎች የሚጠቀሙበት የመመርመሪያ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ግን ለእኛ ሥራ ከዚያ የሚሻል መፈተኛ ቤታችሁ አለ። የተበላሸ ፊልም ቁራጭ ፊክሰር ውስጥ ከትታችሁ ብርሃን እስኪያሳልፍ አጥሩት፤ አልቅልቁት፤ አድርቁት። በሚያንጸባርቀው ጎኑ ላይ በሲሪንጅ የቧንቧ ውሃ አንድ ጠብታ፣ የተፈላ ውሃ አንድ ጠብታ፣ የታሸገ ውሃ አንድ ጠብታ፣ የባትሪ ውሃ አንድ ጠብታ ተራ በተራ አኑሩ፤ የትኛው የት እንዳለ ጻፉ። ሲደርቅ ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በጎን ብርሃን እዩት። ቀለበት ያልተወው ውሃ ለመጨረሻው መለቅለቂያ የሚሆናችሁ ነው። ሳሙና በጠጣር ውሃ በደንብ ስለማያረፋ የሳሙናው ሙከራም ይሠራል፤ ግን ደረቅ የገላ ወይም የልብስ ሳሙና ተፍቆ ይሁን እንጂ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አይሁን፤ ፈሳሹ በጠጣር ውሃም ያረፋል፣ ያታልላችኋል።

አሁን ወደ ዴቨሎፐሩ። በፓኬት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ዴቨሎፐር ከሆነ የምትጠቀሙት ብዙ አትጨነቁ፤ አምራቾቹ ሰው በቧንቧ ውሃ እንደሚበጠብጠው ስለሚያውቁ ካልሲየሙን የሚያስር ኬሚካል አስቀድመው ይጨምሩበታል። ችግሩ የሚመጣው ጥሬ ኬሚካል በሚዛን እየመዘናችሁ ራሳችሁ ስትቀምሙ ነው። አልካሊ የሆነው ሶዲየም ካርቦኔት ከውሃው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ፈሳሹ ወዲያው ወተት የመሰለ ይሆናል። ካርቦኔት የሌለባቸው እንደ ዲ-76 ያሉት ዴቨሎፐሮች ላይ ደግሞ ብዙ የሚገባው ሶዲየም ሰልፋይት ነው፤ እሱም ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ደቃቅ ክሪስታል ይሠራል። ይሄኛው ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ጠርሙሱ ከቆየ በኋላ ሥሩ ላይ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ሰው ዴቨሎፐሩ ሲደፈርስ ኃይሉ የሄደ ይመስለዋል፤ ይደፋዋል። ሒሳቡ ይህን አይልም። በሊትር 300 ሚሊ ግራም ያለው ውሃ፣ ካልሲየሙ በሙሉ ቢዘቅጥ እንኳ ከሶዲየም ካርቦኔቱ የሚበላው 0.3 ግራም ገደማ ነው። በሊትር 54 ግራም ካርቦኔት ካለበት ውስጥ ይህ አንድ በመቶም አይሞላም። ኃይሉ አልተነካም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ፊልሙ የሚታጠብበት ታንክ በተገለበጠ ቁጥር ያ ደቃቅ ዱቄት ፊልሙ ላይ ይንሸራሸራል፤ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ጄላቲን (ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን) ላይ ይጣበቃል፤ በኋላ በጣት ወይም በጎማ ሲጠረግ ይጭረዋል። ስለዚህ የደፈረሰውን አትድፉ። ጠርሙሱን ከድናችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ሳታነቃንቁ ላይ ላዩን ጥሩውን ቅዱ፤ በፈነል አንገት ውስጥ በተወተፈ ንጹህ ጥጥ አጥልሉት።

ከመጀመሪያው እንዳይደፈርስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ካልሲየም አሳሪውን ውሃው ላይ ከሁሉ በፊት አስገቡ። ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ካገኛችሁ በሊትር 2 ግራም፤ ኢዲቲኤ ዳይሶዲየም ካገኛችሁ ለ300 ሚሊ ግራም ጥንካሬ 1.1 ግራም ያህል። ካልጎን በሚል ስም ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሸጠው ዛሬ ይዘቱ ስለተለወጠ በድሮ የፎቶ መጻሕፍት የታዘዘው ካልጎን ነው ብላችሁ አትግዙ። የዲ-76 አቀማመም ከዚህ ጋር እንዲህ ይሆናል፦ 750 ሚሊ ሊትር የተፈላ ውሃ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲበርድ መጀመሪያ ሄክሳሜታፎስፌቱ፣ ከዚያ ከሰልፋይቱ ቁንጥር፣ ከዚያ ሜቶል 2 ግራም፣ እሱ ፈጽሞ ሲሟሟ የቀረው ሰልፋይት በድምሩ 100 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም፤ በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሊትር እስኪሞላ። ሜቶል በሰልፋይት ብዛት ውስጥ አይሟሟም፤ ቁንጥሯ ግን ከአየር ትጠብቀዋለች። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ካፌኖል (በቡና የሚቀመም ዴቨሎፐር) ለሚሠሩት የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። በሊትር 54 ግራም ውሃ አልባ የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ነው ቀመሩ። የሶዳው ብዛት ከድሬዳዋ ውሃ ጋር ሲገናኝ ዝቃጩ ይወርዳል፤ ፈሳሹ ግን ጥቁር ቡና ስለሆነ አይታይም። ፊልሙ ሲደርቅ ብቻ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይገኛል። ስለዚህ ሶዳውን ብቻውን በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሙና በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡት፤ ነጩ ሥር እስኪወርድ ጠብቁ። ጥሩውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ ዝቃጩን ተዉት። ከዚያ ቫይታሚን ሲ ጨምሩ፤ አረፋ ያነሳል፣ ይብረድለት። ቡናውን በቀረው ውሃ አሟሙትና ቀላቅሉ። ሶዳው የልብስ ሶዳ እንጂ ዳቦ ጋጋሪ የሚጠቀምበት አይደለም። ቡናውም ርካሹና መራራው ሮቡስታ ያለበት የሚሟሟ ቡና ይሻላል። የሐረርን ቡና ለጀበናው ተዉለት፤ እዚያ ነው ክብሩ።

በጣም ቀጥነው የሚሠሩት ዴቨሎፐሮች፣ ለምሳሌ ሮዲናል አንድ እጅ በመቶ እጅ ውሃ፣ ሌላ ባህሪ አላቸው። 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ የገባው 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ የውሃው ባይካርቦኔት ከዚያች ትንሽ አልካሊ ላይ ይቀንሳል፤ ኔጋቲቩ ሳሳ፣ ንጽጽሩ ደከም ይላል። ተፈልቶ የተጠለለ ውሃ ይህን ያቃልላል።

ስቶፑ (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያስቆመው አሲድ) ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አቼቶ አምስት በመቶ ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ ስትበጠብጡ አንድ በመቶ አሲድ፣ ማለትም በሊትር 10 ግራም ታገኛላችሁ። የውሃው ጥንካሬ በሙሉ ባይካርቦኔት ቢሆን እንኳ የሚያጠፋው 0.36 ግራም ነው። የሚቆጠር አይደለም። ፊክሰሩም እንዲሁ በቧንቧ ውሃ ይበጠበጣል፤ ቢደፈርስ ማጥለል ነው። ሃይፖ (የፊክሰሩ ዋና ኬሚካል) ክሪስታል ስታሟሙ ውሃው በጣም እንደሚቀዘቅዝ ብቻ አትርሱ፤ ሙቅ ውሃ ይዛችሁ ጀምሩ።

ማለቅለቁ ላይ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ጥሩ ውሃ ያገኘ ሰው ፊልሙን በሙሉ በእሱ ማለቅለቅ ይፈልጋል። አታድርጉት። ጨው ያለበት ውሃ ሃይፖውን ከጄላቲኑ ውስጥ ከንጹሁ ውሃ በተሻለ ያወጣል። ሁለተኛ፣ የኛ የአየር ጠባይ ሞቃት ነው፤ ልስልስ ውሃ ውስጥ ጄላቲን ይበልጥ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በቀላሉ ይጫራል። ጠጣሩ ውሃ በዚህ ረገድ ይጠብቀዋል። ዋናው ጠላት እዚህ ላይ ሙቀቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ሲቀቀል የዋለ ውሃ በ20 ዲግሪ ከወጣ ፊልም ጋር አይገናኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ እንደሚደረገው ማለዳ በጀሪካን ቅዱ፤ ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ደረቁ አየር ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ካስፈለገ በላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስገቡ እንጂ በረዶውን ታንኩ ውስጥ አትጨምሩ።

ውሃ ለሚቆጥብ ቤት የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ያወጣው አለቃለቅ በጣም ይመቻል፦ ታንኩን ሙሉ፣ 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ፤ እንደገና ሙሉ፣ 10 ጊዜ፣ ድፉ፤ እንደገና ሙሉ፣ 20 ጊዜ፣ ድፉ። ለአንድ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ታንክ 900 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ፊክሰሩ ማጠንከሪያ የሌለበት መሆን አለበት። ደለል ወይም ዝገት የሚያመጣ ቧንቧ ከሆነ ውሃውን በጥጥ አጥልሉት።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሲደርቅ የሚተወው 0.015 ሚሊ ግራም ኖራ ነው። በሚዛን የማይያዝ ነው፤ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀለበት ይሠራል፤ ፎቶው 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ቀለበቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። ብርሃኑን ስለሚከለክል ሰማዩ ላይ እንደ ነጭ ጥላ ይወጣል። የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ደግሞ ጠብታው ሳይወርድ ባለበት ያደርቀዋል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አገር ያለ ሰው የማያየውን ምልክት እናንተ የምታዩት ለዚህም ጭምር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማለቅለቁ ሲያልቅ ታንኩን ድፉና 300 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ጨምሩ፤ ለአንድ ደቂቃ ቀስ እያላችሁ ገልብጡ፤ ድፉ። ይህ ጄላቲኑ የያዘውንና ፊልሙ በሚጠቀለልበት ሪል ጎድጓዶች ውስጥ የቀረውን የቧንቧ ውሃ ለማስወጣት ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ ለምን ነጥቡ አልጠፋም ይላል። ቀጥሎ ፊልሙን ከሪሉ አውጡ። በንጹህ ጎድጓዳ ሳህን ሌላ 300 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ አድርጉ፤ በፋርማሲ በሚሸጠው ሲሪንጅ ውሃው ጠብታ ሳይሠራ እንዲወርድ የሚያደርገውን ፎቶ ፍሎ ወይም ኢልፎቶል 1.5 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ ጨምሩ፤ አንድ እጅ በ200 እጅ ማለት ነው። ፊልሙን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከወዲህ ወዲያ አሳልፉት። በዓይን ግምት አትጨምሩ፤ ሲበዛ አረፋ ይሆንና ራሱ የሚያጣብቅ ጭረት ይተዋል። የዕቃ ሳሙና ሽቶና ቀለም ስላለበት አይተካውም። ይህን ሥራ ታንኩ ውስጥ አትሥሩት፤ ሪሉ ላይ እየተጠራቀመ ቀጣዩን ፊልም ስትጠቀልሉ ይይዝባችኋል።

ስትሰቅሉት በጎማም በጣትም አትጥረጉት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር ትሰነጥቀዋለች። መታጠቢያ ቤት ወለሉንና ግድግዳውን ውሃ ረጭታችሁ አቧራው ከተቀመጠ በኋላ አንዱን ጫፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ በሰያፍ ዘርጉት፤ ውሃው ምስሉን አቋርጦ ሳይሆን በቀዳዳዎቹ መስመር በኩል ይወርዳል። ሁለቱንም ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ያዙ። በሩን ዝጉ፤ ቬንትሌተር አታብሩ።

ንጹሁ ውሃ ከየት? በጣም የተመቸው መኪና ዕቃ መሸጫና ነዳጅ ማደያ የሚገኘው የባትሪ ውሃ ነው፤ ስትገዙ ግን ውሃውን እንጂ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፣ አሲዱ ዓይንና እጅ ያቃጥላል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ ሁሉም ሃይላንድ የሚለው፣ ንጹህ ነው ማለት ጨው የለውም ማለት አይደለም፤ የጠብታውን ሙከራ ይለፍ። የዝናብ ውሃ ጥሩ ነው፤ ቆርቆሮው መጀመሪያ ይታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ዝናብ አሳልፋችሁ ቅዱ። ኤሲ ያለው ቤት ቱቦው የሚያንጠባጥበው ውሃም ከጨው የጸዳ ነው፤ አቧራ ስለሚኖረው በጥጥ አጥልሉት፤ ከማቀዝቀዣው ቱቦ መዳብ ሊይዝ ስለሚችል ቫይታሚን ሲ ላለበት ዴቨሎፐር አታውሉት፣ ለመጨረሻው መለቅለቂያ ብቻ። የሸክላ ማጣሪያና ውሃ አጋር ጀርም ላይ እንጂ ጥንካሬ ላይ አይሠሩም። በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ካልሲየሙን በሶዲየም ይለውጠዋል እንጂ ጨውን አያጠፋም፤ ሲደርቅ ያው ምልክት አለው።

ማፍላት ለዴቨሎፐር ይበቃል፤ ለመጨረሻው መለቅለቂያ ግን ሌላ ካጣችሁ ብቻ ይሁን። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ባይካርቦኔቱ ወደማይሟሟ ካርቦኔት ይለወጣል። አሥር ደቂቃ ይንተክተክ፤ ክዳኑ ተገጥሞ ይደር፤ ጠዋት ዕቃውን ሳታንቀሳቅሱ በቀጭን ቱቦ ሦስት አራተኛውን ከላይ ሳቡ፤ የታችኛውን ሩብ ተዉት። በሰልፌት የመጣ ጥንካሬ ካለ ግን በማፍላት አይወርድም።

ምልክቱ የወጣባቸው የቀደሙ ኔጋቲቮች ካሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ የትኛው ጎን ላይ እንደሆነ በብርሃን እዩ። በሚያንጸባርቀው ጀርባ ላይ ከሆነ የባትሪ ውሃ የነካ ለስላሳ ጥጥ በአብዛኛው ያነሳዋል። በደብዛዛው፣ በምስሉ ጎን ከሆነ ፈጽሞ አትሹት። ፊልሙን ሪል ላይ መልሳችሁ በቧንቧ ውሃ አምስት ደቂቃ አርጥቡት፤ በአንድ እጅ አቼቶ አራት እጅ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዩት፤ ኖራው ይሟሟል፣ ምስሉን የሠራው ብር አይነካም። አቼቶው ነጩ፣ ቀለም የሌለው ይሁን። ከዚያ አልቅልቁት፤ ሁለቱን የንጹህ ውሃ ደረጃዎች ድገሙ፤ በሰያፍ ስቀሉት። ከዚህ በኋላም የሚቀር ክብ ምልክት ካለ፣ በጣት ሲዳሰስ ምንም የማይሻክር ከሆነ፣ እሱ ኖራ አይደለም፤ ጄላቲኑ እኩል ሳይደርቅ የተወው ጠባሳ ነው፤ አሲድ አይፈታውም። እንደዚያ ያለውን ከታተመ በኋላ ፎቶው ላይ በብሩሽና በቀለም መሸፈን ነው የሚቀረው።

አቼቶው ሳይደፋ ደግሞ ሪሉን ክተቱበት። ከብዙ ፊልም በኋላ ጎድጓዶቹ ውስጥ የተጋገረው ኖራ ነው ፊልሙ ጨለማ ውስጥ አልገባም እያለ ጫፉን የሚያጣጥፈው። አንድ ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ በጥርስ ብሩሽ ጎድጓዱን ተከትላችሁ ፈግፍጉ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አኑሩት።